ዓሣን ማብላት በብልሃት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም በ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር፤ አዲስ ከተማ፣ ሐዋሳ)



በዛሬው በዓል ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ አገር ፍቅርና ስለ ትምህርት ጥቅም ያሰሙትን መልካም ቃል ሁላችንም አዳምጠናል። እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች የመረጥነው ርእስ ከዚያ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው፤ ይኸውም ሰው ከቤቱ ርቆ በሚሄድበት ጊዜ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚያኖራቸውን ዓሦች እንዴት አድርጎ እንደሚመግብ ለማስረዳት ነው። ርእሱን ስንጠራ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ እናያለን፤ ፈገግታችሁንም አንቃወምም። ዳሩ ግን አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት» ብለው የተረቱት በከንቱ አይደለም፤ የሚጣደፍ ሰው እሾሁ ጉሮሮው ላይ ይሰካበታልና። እኛም በተማርነው መጠን ከተረቱ ላይ አንዲት ፊደል ለውጠን፣ ዓሣን ማብላትም በብልሃት ነው ለማለት ተነሥተናል።

እኛ የሐዋሳ ልጆች ዓሣ አናውቅም ልንባል አንችልም። ከተማችን በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር ጀምሮ ከዓሣ ጋር አብራ ያደገች ናት። ማለዳ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎችም እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ድርሻቸውን ሲጠባበቁ ያያል። ቆሮሶውንና አምባዛውን ከሩቅ የማይለይ ልጅ በመካከላችን የለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ እውቀታችን በመረብና በሳህን ላይ ያለውን ዓሣ የሚመለከት ነው። በእጃችን የሚኖረውን፣ በእኛ ጥበቃ ሥር የሚተነፍሰውን ዓሣ ማወቅ ግን ሌላ ትምህርት ይጠይቃል።

ይህን ትምህርት እንድንማር ያደረገን በሳይንስ ክፍላችን መስኮት አጠገብ የተቀመጠው የመስታወት ገንዳ ነው። አኳሪየም ይባላል። 100 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ አምስት ትንንሽ ወርቅማ ዓሦች ይኖሩበታል። ትምህርት ቤቱ ክፍት በሆነበት ጊዜ የዓሦቹ አሳዳጊ ከሚፈለገው በላይ ነው። ጭንቀቱ የሚመጣው በሩ ሲዘጋ ነው። ከእናንተም መካከል በቤቱ እንዲህ ያለ ገንዳ ያለው ወላጅ፣ ለበዓል ወይም ለለቅሶ አገር ቤት ሲወርድ፣ «ዓሦቹንስ ለማን እንተዋቸው?» ብሎ ሳይጨነቅ አይቀርም።

ዓሣን ለዓይን ደስታ ማኖር አዲስ ነገር አይደለም። ቻይናዎች ወርቅማውን ዓሣ ማርባት ከጀመሩ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ውኃውን ቶሎ ቶሎ ሳይለውጡ ዓሣን ማኖር የሚቻልበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1850 የገለጸው ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በገንዳው ውስጥ ዓሦችን፣ የውኃ ተክልንና ቀንድ አውጣን አንድ ላይ አኑሮ፣ አንዱ ለሌላው እንዴት እንደሚጠቅም ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1853 ደግሞ በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ይህ ልማድ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቶ እስከ እኛ ደርሷል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ለአንድ ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባናል። «ሰው የዕለት እንጀራ በሚቸገርበት አገር ስለ ዓሣ ቀለብ መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን?» የሚለን ሰው ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሰው ከዓሣ እንደሚቀድም እኛም አንክድም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንዲታሰብልን እንለምናለን። አንደኛው፣ በሐይቅ ውስጥ ያለ ዓሣ ራሱን ችሎ ይመገባል፤ በመስታወት ውስጥ ያለው ግን ራሱን እንዳይችል ያደረግነው እኛ ነን። እስረኛን ያሠረ ሰው ቀለቡንም ማሰብ ግዴታው ነው። ኖኅም እንስሳቱን ወደ መርከቡ ሲያስገባ አስቀድሞ ምግባቸውን ማከማቸት ነበረበት፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ወጥተው ሊሰማሩ አይችሉምና። ሁለተኛው፣ ዛሬ የምንናገረው ምክር ሰውን ወጪ የሚያበዛ ሳይሆን የሚያስቀር ነው። እንዲያውም ከምክራችን አብዛኛው «አትስጡ» የሚል ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ቁም ነገር እናስቀድም። ዓሣ እኛ እንደምናስበው ቶሎ ቶሎ የሚራብ ፍጥረት አይደለም። ሰውና ዶሮ፣ በግና ላም፣ ገላቸውን ለማሞቅ ብቻ ከሚበሉት ምግብ እጅግ ብዙውን ያቃጥላሉ። የዓሣ ገላ ግን እንደሚኖርበት ውኃ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛልም፤ ስለዚህ ለሙቀት የሚያወጣው ቀለብ የለም። ውኃው በቀዘቀዘ መጠን የሰውነቱ ሥራ እየዘገየ ይሄዳል፤ የውኃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የምግብ ፍላጎቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ጤነኛና ያደገ ዓሣ ሦስትና አራት ቀን ሳይበላ ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ አብዛኞቹም አንድ ሳምንት ያለ ጉዳት ይቆያሉ።

ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው ቢኖር ወደ ሐይቃችን ይመልከት። የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿን ወንዱ በአሸዋው ላይ በቆፈረላት ጎድጓዳ ስፍራ ትጥላለች፤ ወዲያውም በአፏ ትሰበስባቸዋለች። እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉ፣ ጫጩቶቹም በራሳቸው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ በአፏ ይዛቸው ትቆያለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። አፏ የልጆቿ ቤት ሆኗልና ልትበላበት አትችልም። ማንም ሳይነግራት ይህን ያህል የምትጾም እናት ዕለት ዕለት በፊታችን ባለው ሐይቅ ውስጥ እየኖረች፣ እኛ የሁለት ቀን መንገድ ስንሄድ ዓሦቻችን በረኃብ ይሞታሉ ብለን መሸበራችን አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ይህ ነገር ልክ አለው። ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች በቀን ብዙ ጊዜ መብላት አለባቸው፤ ሁለት ቀን የተረሱ ጫጩቶች ከነገ ወዲያ ላይገኙ ይችላሉ። የታመመ ወይም የከሳ ዓሣም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ስለ ጾም የምንናገረው ሁሉ ለጤነኛና ላደገ ዓሣ ብቻ መሆኑን አትርሱብን።

ሁለተኛው ቁም ነገር ከመጀመሪያው የበለጠ ነው። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያለውን ዓሣ፣ ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ፣ ከረኃብ ይልቅ የሚገድለው ጥጋብ ነው። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ በሒሳብ እናሳያችሁ።

የአንዱ ዓሣችን ክብደት 20 ግራም ነው እንበል፤ አምስቱ 100 ግራም ይሆናሉ። ያደገ ዓሣ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 1 ወይም 2 ያህሉን ቢመገብ ይበቃዋል። ስለዚህ ለአምስቱ በቀን ቢበዛ 2 ግራም፣ ለ10 ቀንም 20 ግራም ምግብ ያስፈልጋል ማለት ነው። አሁን አንድ ደግ ጎረቤት፣ «ለ10 ቀን የሚሆን ነው» የተባለውን ምግብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨመረላቸው እንበል። በገበያ የሚገኘው ደረቅ የዓሣ ምግብ ከመቶው 40 ያህሉ ፕሮቲን ቢሆን፣ በ20 ግራሙ ውስጥ 8 ግራም ፕሮቲን አለ። ከፕሮቲን ክብደት ደግሞ 16 በመቶው ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ ከዚህ 1.28 ግራም ናይትሮጅን ይገኛል። ምግቡ ሳይበላ ታች ወርዶ ቢበሰብስና ይህ ሁሉ ወደ አሞኒያ ቢለወጥ፣ በ100 ሊትሩ ውኃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሊትር 13 ሚሊግራም ገደማ ይደርሰዋል። ዓሣን ለመጉዳት ግን በአንድ ሊትር ከ1 ሚሊግራም ያነሰ እንኳ ሊበቃ ይችላል። አሞኒያው ስንጥቡን ያቃጥላል፤ ስንጥቡ የተቃጠለ ዓሣም በውኃ መካከል ሳለ አየር አጥቶ ይሞታል።

ከዚህም በላይ፣ ውኃው አልካላይ በሆነ መጠን አሞኒያው ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ውኃ ደግሞ በአብዛኛው አልካላይ መሆኑን በኬሚስትሪ ክፍል ተምረናል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ያለ ዓሣ አሳዳጊ ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል።

«ታዲያ በየቀኑ ከዓሦቹ የሚወጣው ቆሻሻ ለምን አይገድላቸውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በገንዳው አሸዋና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ ባክቴሪያ የሚባሉት ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በተባለው የሩሲያ ሊቅ ተለይተው ታወቁ። እነዚህ የማይታዩ ሠራተኞች የለመዱትን ያህል ሥራ በትጋት ይሠራሉ። በአንድ ቀን የ10 ቀን ሥራ ቢጫንባቸው ግን አይችሉም። ሰውስ ቢሆን መች ይችላል?

ሦስተኛው ቁም ነገር የአየር ጉዳይ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ የሳሳ ነው፤ በዚህም የተነሣ በእኛ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የሚበሰብስ ምግብ ያንኑ ጥቂቱን ኦክስጅን ይሻማል። መብራት ጠፍቶ አየር መንፊያው ሲቆም ደግሞ ጉዳዩ ይከፋል። ስለዚህ አንድ ሕግ በቃላችሁ ያዙ፦ መብራት በጠፋበት ሰዓት ለዓሣ ምግብ አይሰጥም። ዓሣ ምግቡን ለመፍጨትም ተጨማሪ ኦክስጅን ያስፈልገዋልና።

ወላጆቻችን ሆይ፣ እዚህ ላይ ስለ ባህላችን አንድ ነገር ብንናገር እንዳትቀየሙን። በእኛ አገር ፍቅር የሚገለጠው በማብላት ነው። እንግዳ መጥቶ ጥቂት ቀምሶ እጁን ቢሰበስብ፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብለን እንደገና እናጎርሰዋለን። ይህ የሚያኮራ ልማድ ነው። ሆኖም እንግዳው «በቃኝ» የሚልበት አንደበት ስላለው ነው ልማዱ ጉዳት የማያመጣው። ዓሣ ግን «በቃኝ» አይልም። ሰው ወደ መስታወቱ በቀረበ ቁጥር አፉን እየከፈተ ይመጣል፤ ይህን የሚያደርገው ሰውን ከምግብ ጋር ማያያዝ ስለ ለመደ እንጂ ሁልጊዜ ስለ ራበው አይደለም። ወርቅማው ዓሣ ይባስ ብሎ ጨጓራ የለውም፤ ምግቡ ከጉሮሮው በቀጥታ ወደ አንጀቱ ያልፋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ተቀብሎ ማኖር አይችልም። «ሲበዛ ማር ይመራል» የሚለው ተረት ለእርሱ የተነገረ ይመስላል። ርኅራኄ ያለ እውቀት ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ መኖሩን እኛ የተማርነው ከዚህ ገንዳ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ዘዴ እንሻገር። ከቤት ርቆ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚቆይበትን ቀን ይቁጠር።

የሚቆየው እስከ ሦስት ቀን ከሆነ ምንም ምግብ አያስፈልግም። ለፍቼ ጫምባላላ ወይም ለጥምቀት ዘመድ ጥየቃ ሄዶ በሦስተኛው ቀን የሚመለስ ሰው ልቡን አሳርፎ ይሂድ።

ከአራት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ከሆነ፣ ጤነኞቹና ያደጉት ዓሦች አሁንም ሊታገሡ ይችላሉ። የሚታመን ሰው ከተገኘ በመካከሉ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጥቂት ቢሰጣቸው መልካም ነው።

ከአንድ ሳምንት የሚያልፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለመስቀል ወደ ጉራጌ አገር የሚወርዱ ቤተሰቦች እንደሚያደርጉት፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ አነስተኛ ምግብ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ክረምቱን ሙሉ ለሚዘጋ ትምህርት ቤት ግን ሰው የግድ ነው፤ ምግቡን ብቻ ሳይሆን በትነት የሚቀንሰውንም ውኃ የሚመለከት ዓይን ይፈለጋል።

ከመሄድ በፊት የሚደረገው ዝግጅት እንዲህ ነው። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ዓሣ ወደ ገንዳው አይግባ፤ በሽታ ይዞ ቢመጣ የሚያየው ሰው አይኖርምና። ጉዞው ሦስት ቀን ያህል ሲቀረው ከውኃው ሩቡ ይለወጥ። የሚጨመረው የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ተቀድቶ አንድ ቀን ሙሉ ሳይከደን ይደር። ማጣሪያውም ይታጠብ፤ ነገር ግን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ ክሎሪኑ ቀደም ብለን ያመሰገንናቸውን ረቂቅ ሠራተኞች ይፈጃቸዋል። በመጨረሻው ቀን፣ «ስንቅ ይሁናቸው» ተብሎ ብዙ ምግብ ፈጽሞ አይጨመር። ዓሣ ስንቅ አይቋጥርም። ገንዳውም ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮት ይጋረድ።

ለጎረቤት ወይም ለዘበኛ አደራ ሲሰጥ፣ የምግቡን ቆርቆሮ እንዳለ ማስረከብ አይገባም። የአንድ ጊዜው ምግብ በትንሽ ወረቀት ይጠቅለልና በላዩ «ሰኞ»፣ «ሐሙስ» እየተባለ ይጻፍበት። የቀረው ቆርቆሮ በቁም ሣጥን ይቆለፍበት። ይህ ሰውን አለማመን አይደለም። እትዬ ጎረቤታችን ዓሦቹ አፋቸውን ሲከፍቱ አይተው አንጀታቸው ቢባባ፣ በእጃቸው ያለው የአንድ ቀን ብቻ ስለሚሆን ርኅራኄያቸው ጉዳት አያደርስም። ለጋሼ ዘበኛችንም ቢሆን፣ «ሐሙስ ቢረሱ ዓርብ እጥፍ አይስጡ፤ ያለፈው ይለፍ» ብለን በትሕትና ማስረዳት ይገባናል። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪም እንዳይጨመር ይነገራቸው፤ ቶሎ ይሻግታል፤ ውኃውንም ያደፈርሳል።

በዘመናችን በባትሪ የሚሠሩ መጋቢ መሣሪያዎች አሉ። በላያቸው የምግብ ማኖሪያ ከበሮ አላቸው፤ በተወሰነው ሰዓት ዞሮ ጥቂት ምግብ ያራግፋል። በባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ቢጠፋ አይቆሙም፤ ይህ ትልቅ ጥቅማቸው ነው። ጉድለታቸው ግን ከውኃው የሚወጣው እርጥበት ምግቡን አርሶ ሊያጣብቀው መቻሉ ነው፤ ያን ጊዜ ወይ ምንም አይወርድም፣ ወይም እንደ ቋጥኝ በአንድነት ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያው ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ተተክሎ፣ ባለቤቱ እያየው መሥራቱ መፈተን አለበት። ከኖራ መሰል ነገር ጋር ተጋግረው የሚሸጡ፣ በውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሟሙ የምግብ ድፍኖችም አሉ። እነዚህ ዓሦቹ ቢበሉም ባይበሉም ስለሚሟሙ ውኃውን ሊያበላሹ ይችላሉ፤ እኛ ከእነርሱ ይልቅ በወረቀት የተጠቀለለውንና የሰውን ዓይን እንመርጣለን።

ሰው ግን ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ አይጓዝም። ለቅሶ በሌሊት ይጠራል፤ ያን ጊዜ ስለ ዓሣ የሚያስብ ማንም የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ መመሪያው በሰላም ጊዜ ተጽፎ ከገንዳው አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። «እስከ አንድ ሳምንት ምንም አትስጡ፤ መብራት ሲጠፋ አትስጡ፤ የሞተ ዓሣ ካያችሁ አውጡ፤ ውኃው ከቀነሰ ያደረ ውኃ ጨምሩ» ብሎ አራት መስመር መጻፍ በቂ ነው። ይህ ከተደረገ ኀዘንተኛው ዓሦቹን ፈጽሞ ቢረሳቸውም ችግር አይደርስባቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከሁሉ ይበልጥ ልባችንን የሚነካ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ሰው ለብዙ ጊዜ ሲርቅ ወይም ከተማ ሲለቅ፣ «ሐይቁ ቅርብ ነው፤ ወስጄ ልልቀቃቸው፤ ነጻ ይውጡ» ሊል ይችላል። አሳቡ ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጥፋት ሁሉ የባሰ ጥፋት ነው። ከውጭ የመጣ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊገባ፣ የአገሩን ዓሣ እንቁላል ሊበላ፣ ምግቡንም ሊሻማ ይችላል። አንድ ጊዜ ከተራባ በኋላ ደግሞ መልሶ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። እምቦጭን እንመልከት። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ፣ ለአበባው ውበት ሲባል ሰዎች ከአገር አገር ያዛወሩት ተክል ነው። በ2004 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ የጎንደርና የጎጃም ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች በእጃቸው ሲነቅሉት ደክመዋል። ለውበት የገባ ነገር ለመከራ ሆነ። በሐዋሳ ሐይቅ የሚተዳደሩት ዓሣ አጥማጆች የጓደኞቻችን አባቶችና ወንድሞች ናቸው፤ በአንድ ባልዲ ዓሣ እንጀራቸውን ልንፈታተን አይገባንም። ዓሣውን ማኖር ያልቻለ ሰው ለሌላ አሳዳጊ ወይም ለትምህርት ቤት ይስጠው።

ሐይቃችንም ራሱ ከመስታወቱ ገንዳ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ እርሱ ይገባል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ ስፍራም 22 ሜትር ያህል ቢሆን፣ ከዳር እስከ ዳር ዝግ ነው። ከከተማውና ከእርሻው በጎርፍ የሚገባው ቆሻሻ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። በ100 ሊትር ገንዳ ውስጥ የ20 ግራም ምግብን ጉዳት ያየ ተማሪ፣ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት ቆም ብሎ ያስባል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ይህ ትንሽ ገንዳ ለእኛ የሐይቁ ምሳሌ ነው። ወደፊትም ከመካከላችን ዓሣን በኩሬ አርብቶ ቤተሰቡን ለመርዳት የሚነሣ ቢኖር፣ በሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል የሚያስተምረው የቀለብ መጠንና የውኃ ጥራት ትምህርት ከዚህ ከገንዳው ትምህርት ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን ያገኘዋል።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ርእስ ዛሬ ያነሣንበት ሌላም ምክንያት አለን። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ታላላቆቻችን ለብሔራዊው ፈተና ከቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ ተፈትነዋል። ብዙዎቻቸው ከወላጆቻቸው ተለይተው ሲያድሩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። የእኛም የመለያያ ጊዜ ቀርቧል። ከፈተናው በኋላ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ይበተናል፤ ወደዚህ ግቢ በደብተር የምንመለስበት ቀን የለም። ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው ወረቀት ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ፈጽሞ የሚሄድ ግን ምን ትቶ ይሄዳል? እውቀቱን ከመተው የተሻለ ነገር አላገኘንም።

ስለዚህ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ታናናሾቻችን፣ ከዛሬ ጀምሮ የገንዳው ጠባቂዎች እናንተ ናችሁ። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ልጆች ተመርጠው ተራ ይግቡ፤ የሰጡትን ቀንና መጠን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲተካው፣ ደግሞም አንዱ ከምሳ በፊት ሌላውም ከምሳ በኋላ ሳይተያዩ ደርበው እንዳይመግቡ ነው። ክረምት ሲመጣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀር ከመምህራችን ጋር ሆናችሁ ትምህርት ሳይዘጋ ወስኑ። ዓሣውን ምን ያህል እንደምትወዱት የሚታወቀው በምትሰጡት ምግብ ብዛት ሳይሆን፣ ሳትሰለቹ በምታደርጉት ጥበቃ ነው። የሚሰጠውን መጠን ማወቅ ትምህርት ነው፤ ከመስጠት መታገሥም ትምህርት ነው።

እናንተም ወላጆቻችን፣ ለእኛ ያደረጋችሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ያስፈለገንን ሰጥታችሁናል፤ የሚጎዳንንም፣ ብናለቅስም እንኳ፣ ከልክላችሁናል። መምህራኖቻችንም እውቀትን በአንድ ጊዜ አላፈሰሱብንም፤ ዕለት ዕለት በልክ በልክ አጉርሰውናል። አሁን ከእጃችሁ ወጥተን ልንሄድ ስንል የምናመሰግናችሁ ስለ ሁለቱም ነው።

አባቶች «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። አምስቱን ዓሦች፣ ገንዳውን፣ ከገንዳውም ማዶ ያለውን ሐይቃችንን ለታናናሾቻችን አደራ ሰጥተናል። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ፤ በዓሉንም የሰላምና የደስታ ያድርግልን።